ዘግይቶ የመጣ ኀፍረት፤ የጆን ኒውተን የሕይወት ታሪክ

ክርስቲያን ሆኖ ከባድ በደል የሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ሲይዝ ይታያል። አንደኛው የመርሳት መንገድ ነው፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይልና ያደረገውን ሁሉ ከኋላው ጥሎ፥ ነገሩን የሚያነሣበትን ሰው እንደ ጠላት እየቈጠረ ይኖራል። ሁለተኛው የመቃጠል መንገድ ነው፤ ኅሊናው ቀንና ሌሊት ይከሰዋል፥ ከሰው ፊት ይሸሻል፥ ቤተ ክርስቲያን ቢሄድም ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይመለሳል፥ በመጨረሻም ለእኔ ይቅርታ የለኝም ብሎ ይደመድማል። እኛ ተማሪዎች ለሁለቱም መንገዶች እንግዶች አይደለንም። ከቤተሰቡና ከነፍስ አባቱ ርቆ በሚኖር ወጣት ዘንድ፥ በደል የሚሠራበትም ሆነ ተደብቆ የሚያቃጥልበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ለማሳየት የአንድ ሰው ሕይወት መርጠናል። ይህ ሰው የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረውና ኋላ ቄስ የሆነው እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን ነው። ስሙ በዓለም የታወቀው አስደናቂ ጸጋ ተብሎ በሚጠራው መዝሙሩ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲነገር እጅግ አጥሮ ይነገራል፤ ባሪያ ነጋዴ ነበረ፥ ማዕበል መታው፥ ተጸጸተ፥ ንግዱን ትቶ መዝሙር ጻፈ ይባላል። እውነቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ለእኛ የሚጠቅመንም ያልቀለለው ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የአገራችንን ለይተን ካልጠራን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኒውተን በ1725 በሎንዶን ከተማ፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው ዋፒንግ በተባለች የመርከበኞች ሰፈር ተወለደ። አባቱ በሜዲትራኒያን ባሕር የሚነግድ መርከብ አዛዥ ስለ ነበረ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። እናቱ ኤልሳቤጥ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረችና ልጅዋን ገና ከሕፃንነቱ ማንበብ አስተማረችው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመዝሙራትም ብዙ በቃሉ አስጠናችው። አንድ ቀን ቄስ ሆኖ ለማየት ትመኝ ነበር። ነገር ግን ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። አባቱ ሌላ ሚስት አገባ፤ ልጁም ጥቂት ጊዜ በአዳሪ ትምህርት ቤት ከቈየ በኋላ በ11 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ባሕር ላይ ወጣ። እናቱ ያስተማረችውን መርከበኞች አስረሱት።

በ17 ዓመቱ ሜሪ ካትሌት የተባለች ልጅ አይቶ ወደዳት፤ ከዚያ በኋላ የደረሰበት መከራ ሁሉ ይህን ፍቅር ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መርከበኛ ሲጐድለው ወጣቶችን ከየመንገዱ እያፈሰ በግድ ይወስድ ነበርና፥ ኒውተንም በአፈሳ ተይዞ ሐርዊች በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ተሳፈረ። በአባቱ አማላጅነት ለመኮንንነት ዕጩ ቢሆንም፥ ሲጠፋ ተይዞ በመርከበኞቹ ሁሉ ፊት ተገረፈ፤ ማዕረጉንም ተገፈፈ። ሃይማኖቱንም ያጣው በዚሁ ጊዜ ነው። የዘመኑን ፈላስፎች መጻሕፍት አንብቦ እግዚአብሔር የለም ወደ ማለት ደረሰ፤ ለራሱ ብቻ ማመኑን ቢተው ጥቂት ነበር፥ ሌሎችንም ማስካድ ሥራው አድርጎ ያዘው። ከእነዚህ አንዱ ኢዮብ ሉዊስ የተባለ የዕድሜ እኩያው ነበር። ይህን ስም አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1745 አዛዡ ኒውተንን ለመገላገል ሲል ወደ ምዕራብ አፍሪቃ ለምትሄድ የባሪያ መርከብ ሰጠው። ከዚያም ዛሬ ሲየራ ሊዮን በምንላት አገር ዳርቻ፥ ፕላንቴን በተባሉት ደሴቶች ለሚኖር አንድ ነጭ ባሪያ ነጋዴ ተቀጠረ። ነጋዴው አብራው የምትኖር አፍሪቃዊት እመቤት ነበረችው፤ እርስዋም ኒውተንን ጠላችው። በታመመ ጊዜ ውሃ እንኳ የሚያቀብለው አጣ፤ ከማዕድዋ የተረፈውን ትጥልለት ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጌታውም ሌባ ነው ብሎ ከመርከቡ ወለል ላይ በሰንሰለት ያስረው ጀመር። በዚህ ጊዜ ለመሸጥ ታስረው የነበሩ አፍሪቃውያን ከራሳቸው ጥቂት ድርሻ ከፍለው በስውር ያበሉት ነበር። እርሱም ከነበረችው አንዲት መጽሐፍ፥ ከኤውክሊድ ጂኦሜትሪ፥ ቅርጾቹን በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ በእንጨት እየጫረ ያጠና ነበር። ያ አሸዋ ሰሌዳው፥ ያ ረሃብ አስተማሪው ሆነ። ሆኖም ከዚህ መከራ አንድ ነገር አልተማረም፤ በሰንሰለት የታሰረ ሰው ምን እንደሚሰማው እያወቀ፥ ከሰንሰለቱ የወጣ ዕለት ሌላውን ለማሰር ዝግጁ ነበር።

በ1747 ግሬይሀውንድ የተባለች መርከብ የአባቱን አደራ ይዛ መጥታ አገኘችው። መርከቢቱ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ሰምና ቀለም የሚወጣው እንጨት የምትነግድ ነበረች። ኒውተን በጕዞው ላይ ስድቡና ክሕደቱ ከማንም የበለጠ ስለ ነበረ አዛዡ እንኳ ይሰቀጥጠው ነበር። በመጋቢት 1748 በሰሜን አትላንቲክ ሌሊት ላይ ከባድ ማዕበል መርከቢቱን መታትና ጐንዋን ሰነጠቃት። ኒውተን ከእንቅልፉ ነቅቶ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል አዛዡ ቢላዋ እንዲያመጣ መለሰው፤ በእርሱ ፋንታ የወጣውን ሰው ማዕበል ጠርጎ ወሰደው። ሰውነቱን በገመድ አስሮ ለብዙ ሰዓታት ውሃ ሲቀዳ ከዋለ በኋላ፥ ሳያስበው የእግዚአብሔርን ምሕረት የሚለምን ቃል ከአፉ ወጣ። ያን የተናገረው ያው የሚሳደብ አፉ መሆኑን ሲሰማ ራሱ ደነገጠ። መርከቢቱ የጫነችው ሰምና እንጨት ቀላል ስለ ሆነ አልሰጠመችም፤ ምግባቸው እያለቀ ለአራት ሳምንታት ያህል ተንሳፍፈው አየርላንድ ደረሱ። በእነዚያ ሳምንታት አዛዡ ይህ መከራ የመጣብን በአንተ ነው እያለ እንደ ዮናስ ይቈጥረው ነበር፤ ኒውተን ግን ወንጌል ከፍቶ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ያነብ ነበር። ለንደንደሪ ከተማ በደረሰ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቈረበ። ማዕበሉ የመታበትን ቀን መታሰቢያ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ በጸሎት አከበረ። ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት ነበር።

አጭሩ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል፤ እውነተኛው ታሪክ ግን እዚህ ላይ ይጀምራል። ኒውተን ከተመለሰ በኋላ ያደረገው ነገር ቢኖር ወደ ባሪያ ንግድ በሙሉ ልብ መግባት ነው። በመጀመሪያ በአንዲት የባሪያ መርከብ ላይ ምክትል ሆነ፤ በ1750 ሜሪን አገባ፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 1754 ድረስ ሦስት ጊዜ የባሪያ መርከብ አዛዥ ሆኖ ከሊቨርፑል ወደ አፍሪቃ፥ ከአፍሪቃ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተመላለሰ። እሑድ እሑድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያደርስ ነበር። በክፍሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፥ ላቲን ያጠናል፥ ለሚስቱ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፋል። ከእግሩ በታች፥ ከመርከቡ ወለል ሥር፥ ወንዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በብረት ተቈራኝተው፥ ለመገላበጥ እንኳ ስፍራ በሌለበት ጐን ለጐን ተደርድረው ይተኛሉ። ሊያምፁ ነው ብሎ በጠረጠረ ጊዜ ልጆችን ሳይቀር አውራ ጣት በሚጨመቅበት ብረት እያስጨነቀ አናዟል፤ ይህንም በገዛ እጁ በመዝገቡ ጽፎታል። ከታሰሩት መካከል አንዱ ሲሞት መዝገቡ ስም አያነሣም፤ ቍጥሩን ብቻ ጽፎ ወደ ባሕር መጣሉን ይገልጣል።

ታዲያ ይህ ሰው ንስሐ አልገባም ነበርን? ገብቶ ነበር። ንስሐው ግን ስለ መሳደብ፥ ስለ ክሕደት፥ ስለ ዝሙት፥ ስለ ስካር ነበር። ሰው መግዛትና መሸጥ በኀጢአቶቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ሕግ የፈቀደው፥ ባለ ጠጎች የሚከበሩበት፥ ቤተ ክርስቲያንም የማትከለክለው ሥራ ነበርና። ሰንሰለትና ቍልፍ ሲያይ መዋል አስጠልቶት፥ እንደ እስር ቤት ጠባቂ ሆንሁ ብሎ ሌላ ሥራ እንዲሰጠው ይጸልይ ነበር፤ ቢሆንም ነገሩ ደስ የማይል ሥራ እንጂ ኀጢአት ሆኖ አልታየውም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ብዙውን ጊዜ የሚመርጥለት ኅሊናው ሳይሆን ኅብረተሰቡ ነው። ሁሉም በሚያደርገው ነገር ማን ያፍራል? ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ይላል፤ ሰው ምንም በማይልበት ስፍራ ይሉኝታ ዝም ይላል፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ጠባቂ ያላበጀ ኅሊናም አብሮ ይተኛል።

ከባሪያ ንግድም የወጣው ተጸጽቶ አይደለም። በኅዳር 1754 ለአራተኛ ጕዞ ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሚስቱ ጋር ሻይ ሲጠጣ በድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሐኪሞችም ባሕር ላይ እንዳይወጣ መከሩት። ከዚህ በኋላ በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ተቈጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። በትርፍ ጊዜው ግሪክኛና ዕብራይስጥ ተማረ፤ የእናቱን ምኞት ለመፈጸምም ቅስና ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ መርከበኛ በመሆኑ ለዓመታት ከተከለከለ በኋላ በ1764 ተሾመና ኦልኒ በምትባል የድኾች ከተማ ማገልገል ጀመረ። በዚያው ዓመት የሕይወቱን ታሪክ አሳተመ፤ በመጽሐፉም ስለ ክሕደቱና ስለ ስድቡ ብዙ ተናዘዘ። የባሪያ ንግድን ግን እንደ በደል አልተናዘዘም።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን የኢዮብ ሉዊስ ነገር ተጽፏል። ኒውተን የባሪያ መርከብ አዛዥ ከሆነ በኋላ ሉዊስን በሊቨርፑል አገኘው፤ ያስካደው ሰው በክሕደቱ ጸንቶ፥ በምግባሩም ከፍቶ ነበር። ኒውተን ያፈረሰውን ሊያድስ አስቦ በመርከቡ ይዞት ሄደ፤ ሲለምነውና ሲመክረው ከረመ። ሉዊስ ግን ይህን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ ብሎ መለሰለት፤ ጥቂት ቈይቶም በአፍሪቃ ዳርቻ በንዳድ ታሞ፥ ያለ ምንም ተስፋ እየተጨነቀ ሞተ። ኒውተን ለራሱ ይቅርታ አግኝቶ ነበር፤ ያደረሰውን ጉዳት ግን መመለስ አልቻለም። እግዚአብሔር በደልን ይተዋል፤ በደል በሌላው ሰው ሕይወት ላይ የጀመረው ሥራ ግን እንደ ተለቀቀ ድንጋይ መንከባለሉን ይቀጥላል። ይህን ያልተረዳ ሰው ስለ ስርየት ያለው ዕውቀት ገና ግማሽ ነው።

በኦልኒ ሳለ ኒውተን ከባለቅኔው ከዊሊያም ኩፐር ጋር ወዳጅ ሆነ። የሁለቱ ወዳጅነት ለርእሳችን ትልቅ ትምህርት አለው። ኩፐር ዝንብ የማይገድል የሚባል ዓይነት ገር ሰው ነበር፤ ነገር ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት በሽታ ይሠቃይ ነበር፤ በ1763 ራሱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደርሷል። ሁለቱ አብረው መዝሙሮች ይጽፉ ጀመር። ኒውተን የታወቀውን መዝሙሩን ያዘጋጀው ለ1773 አዲስ ዓመት ስብከት እንደ ሆነ ይታመናል፤ የስብከቱም መነሻ ንጉሥ ዳዊት እስከዚህ ያደረስኸኝ እኔ ማን ነኝ እያለ የጸለየው ጸሎት ነበር። በዚያው ዓመት ኩፐር እግዚአብሔር ለዘለዓለም እንደ ጣለው በሕልም የተነገረው መሰለውና ዳግመኛ ታመመ። ከዚያ ጀምሮ እስኪሞት እስከ 1800 ድረስ የተኰነንሁ ነኝ ከማለት ሙሉ በሙሉ አልተፈወሰም።

እንግዲህ ሁለቱን ጐን ለጐን ስናያቸው፥ መቶዎችን በሰንሰለት ያሰረው ሰው ይቅር ተብያለሁ ብሎ በሰላም ይተኛል፤ ማንንም ያልበደለው ሰው ግን የተኰነንሁ ነኝ እያለ ይነጋበታል። ከዚህ የምንማረው የበደለኝነት ስሜት ምን ያህል ቢከብድ የበደል ሚዛን አለመሆኑን ነው። ስሜቱ ስለ በረታ ኀጢአቱ በረታ ማለት አይደለም፤ ስሜቱ ስለ ጠፋም ኀጢአቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ኒውተን ለኩፐር ያደረገው ነገር ደግሞ ሊመሰገን የሚገባው ነው። እምነትህ ጐድሎ ነው ብሎ አልገሠጸውም፤ ቤቱን ከፍቶ ከዓመት በላይ አስቀመጠው፥ እየተመላለሰ አጫወተው፥ ተስፋ ሳይቈርጥ አብሮት ቆየ። በመካከላችን እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ወንድም ወይም እኅት ሲኖር፥ ጸሎቱ ሳይታጐል ሐኪምና አጠገቡ የሚቀመጥ ወዳጅ ያስፈልገዋል፤ የሚፈርድበት ጨርሶ አያስፈልገውም፤ እርሱ በራሱ ላይ አስቀድሞ ፈርዷልና።

በ1780 ኒውተን ወደ ሎንዶን ተዛውሮ ሴንት ሜሪ ዉልኖዝ የተባለች ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሆነ። በታኅሣሥ 1785 አንድ የ26 ዓመት የፓርላማ አባል በስውር ሊያነጋግረው መጣ። ይህ ወጣት ዊሊያም ዊልበርፎርስ ነበር። እምነቱ በጽኑ ስለ ተነሣሣበት ፖለቲካን ይተው ወይስ አይተው ጨንቆት ነበር፤ ወደ ኒውተን ሲሄድ እንዳይታወቅበት ስለ ፈራም ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት በአደባባዩ ዙሪያ ይመላለስ ነበር። ኒውተን ፓርላማውን እንዳይለቅ መከረው። ዊልበርፎርስ ከሁለት ዓመት በኋላ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የተነሡት ሰዎች ዋና አፍ ሆነ፤ ኒውተንም ከእነርሱ ጋር ቆመ።

በጥር 1788 ኒውተን ስለ አፍሪቃ የባሪያ ንግድ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ዕድሜው 62 ነበር፤ የመጨረሻ መርከቡን ከለቀቀ 33 ዓመት አልፎታል። መጽሐፉን የጀመረው ሌላውን በመክሰስ ሳይሆን ራሱን በመክሰስ ነው፤ ኅሊናው በአደባባይ እንዲያፍር እንደሚያስገድደው፥ ኑዛዜው ዘግይቶ የመጣ መሆኑንና የደረሰውን መከራ ሊክስ እንደማይችል በግልጥ ተናገረ። ከዚያም ያየውን አንድ በአንድ ጻፈ። ሰዎች ከመርከቡ ሥር እንዴት እንደሚደረደሩ፥ አንዱ ሞቶ ሳለ ከሕያው ጋር በብረት ተቈራኝቶ እንደሚገኝ፥ ሴቶች በመርከበኞች እጅ ምን እንደሚደርስባቸው ገለጠ። የአንድ ዓመት ያህል ሕፃን ያላት እናት ተገዝታ በጀልባ ስትወሰድ፥ ልጁ ሲያለቅስ እንቅልፍ ነሣኝ ያለ የመርከብ ሹም ከእቅፍዋ ነጥቆ ወደ ባሕር እንደ ጣለው ጻፈ። መጽሐፉ ለፓርላማ አባላት ታደለ። ኒውተንም በ1788 በንጉሡ አማካሪዎች ጉባኤ፥ በ1790 ደግሞ በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የምስክርነት ቃሉን ሰጠ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ኒውተን በመላው እንግሊዝ የተከበረ ካህን ነበር፤ ብዙዎች የነፍሳቸውን ጉዳይ የሚያማክሩት አባት ነበር። ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። ክብሩ ሳይነካ፥ መዝሙሩ እየተዘመረ ሊሞት ይችል ነበር። ምስክርነቱን ታላቅ ያደረገው ግን ይኸው ነው፤ የንግዱ ደጋፊዎች ሌሎቹን ምስክሮች አላዩትም፥ አያውቁትም ሊሉ ይችሉ ነበር፤ በመርከቡ ላይ አዛዥ የነበረውን ሰው ግን አታውቅም ሊሉት አይችሉም። የተደበቀ በደል ለማንም አይጠቅምም፤ የተገለጠ በደል ግን ለተበዳዩ መከላከያ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ይህን ኀይል ከየት አገኘው? መልሱ የጽሑፋችን ዋና ነገር ነው። ኒውተን ይቅርታን ያገኘው በደሉን በሙሉ ካየ በኋላ አልነበረም፤ ይቅርታ ማግኘቱ በደሉን በሙሉ ለማየት አስቻለው። የሚያጠፋው መስሎት ከፈራው ሰው፥ ያጠፋውን ሁሉ ማየት አይችልም፤ ዓይኑን ይጨፍናል፥ ምክንያት ይደረድራል፥ ዘመኑ እንዲህ ነበር ይላል። እንደማይጣል ያመነ ልጅ ግን የአባቱን ፊት እያየ እኔ ነኝ የሰበርሁት ለማለት ይደፍራል። ስርየት የመርሻ መድኃኒት ሳይሆን የማስታወሻ ድፍረት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሰው በሽታውን የሚያወጣው ደግሞ ሐኪሙን ሲያምን ብቻ ነው።

ይህን ስንል ስለ ተበዳዮቹ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኒውተን እስኪያስታውስ በ33 ዓመት ውስጥ፥ እርሱ በሸጣቸው ሰዎች ጀርባ ላይ ጅራፍ አላቆመም ነበር። የእግዚአብሔር ይቅርታ የተበዳዩን ይቅርታ አይተካም፤ ኒውተንም በመዝገቡ በቍጥር የጻፋቸውን ሰዎች ፈልጎ ይቅርታ ሊጠይቃቸው አልቻለም። በአራት መቶ ዘመን ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ አፍሪቃውያን በእንዲህ ያሉ መርከቦች እንደ ተጫኑ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። የእነርሱን ቃል ያሰሙት ኒውተንን የመሰሉ ተጸጻቾች ብቻ አልነበሩም፤ ራሳቸው ተሽጠው የነበሩት ኦቶባ ኩጎአኖ በ1787፥ ኦላውዳ ኢኩዊያኖም በ1789 መጻሕፍታቸውን በሎንዶን አሳትመው ለወገናቸው ተሟግተዋል። የበዳይ ኑዛዜ ትክክለኛ ስፍራው ከተበዳዩ ቃል በኋላ ነው፤ ደጋፊ ምስክር እንጂ የነገሩ ባለቤት አይደለም።

እኛም ታሪኩን የነጮች ነውር ብቻ አድርገን ብናነብ ራሳችንን እናታልላለን። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ጾም በሚጾምባቸው፥ ዝክር በሚዘከርባቸው ብዙ ክርስቲያን ቤቶች ሰው በባርነት ይገዛ ነበር፤ ያ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በስድብነት ሲሰነዘር እንሰማለን። ኒውተን በክፍሉ ሲጸልይ ከወለሉ ሥር ማን እንደ ነበረ ስንጠይቅ፥ በእኛ ቤትስ ከወለሉ ሥር ማን ነበር ብለን እንድንጠይቅ ግድ ይለናል። የዘመናችን ሰው በደል አይደለም የሚለው፥ የልጅ ልጆቻችን የሚያፍሩበት ነገር ዛሬም ሊኖር ይችላል።

የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የከለከለው በመጋቢት 1807 ነው። ኒውተን ያን ጊዜ ዓይኑ ፈዝዞ፥ ጆሮው ደንቍሮ፥ ማስታወሱም ደክሞ ነበር፤ ሆኖም ሕጉ ሲወጣ በሕይወት ነበረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 21 ቀን በ82 ዓመቱ ዐረፈ። ለመቃብሩ የሚሆነውን ጽሑፍ ራሱ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር፤ በዚያም ላይ ካሐዲ እንደ ነበረና በአፍሪቃ የባሪያዎች አገልጋይ ሆኖ እንደ ኖረ ገልጧል። አፅሙ በ1893 ከሎንዶን ወደ ኦልኒ ተወስዶ ከሚስቱ ከሜሪ አፅም ጋር ተቀበረ።

የጆን ኒውተን ሕይወት ለሁለቱም ዓይነት ሰዎች የሚናገረው አለው። ሁሉን ከኋላዬ ጥያለሁ ለሚለው፥ ንስሐህ ገና ያልደረሰበት ክፍል አለና ዝርዝርህን እንደገና ተመልከት ይለዋል። ይቅርታ የለኝም ብሎ ለሚቃጠለው ደግሞ፥ በሩ ከአንተ በደል ይልቅ ሰፊ ነውና ግባ ይለዋል። ለሁለቱም የሚሰጠው ሥራ ግን አንድ ነው። ወደ ነፍስ አባት ሄዶ እውነቱን መናገር፥ የበደሉት ሰው በሕይወት ካለ ፈልጎ መካስ፥ ከሌለም በደሉ በሌላው ላይ እንዳይደገም መሥራት ነው። ኒውተን የበደላቸውን አላገኛቸውም፤ ሊሸጡ የነበሩትን ልጆቻቸውን ግን ከሸጪዎቹ እጅ ለማስጣል ባለችው ዕድሜ ደከመ። እኛ ገና ወጣቶች ነን፤ የበደልናቸው ሰዎችም ከእኛ ብዙ አልራቁም። 33 ዓመት እስኪያልፍ መጠበቅ አያስፈልገንም።